ሰሊጡ አንድ፣ ገዢው አንድ፣ ኬላው ሁለት

በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚያመራው መስመር፣ አትባራ ወንዝ ዳር የተቀመጠችው ኸሽም ኤል ቂርባ የዛሬ መልኳን ያገኘችው ከእሷ እጅግ ርቆ በተፈረመ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1959 ግብፅና ሱዳን ካይሮ ላይ ተቀምጠው የዓባይን ውኃ ተካፈሉ፤ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሆነ። ለአስዋን ግድብ ሲባል የሱዳኗ ዋዲ ሃልፋ በውኃ እንድትዋጥ ተፈቀደ፤ ለዚህም ግብፅ 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሳ ለመክፈል ተስማማች። 50 ሺህ ያህል ኑብያውያን ከቴምር ዛፋቸውና ከአያት ቅድመ አያታቸው መቃብር ተነቀሉ። የመጀመሪያዎቹን ተፈናቃዮች የጫነው ባቡር የተነሣው ጃንዋሪ 6 ቀን 1964 ነበር። ማረፊያቸው በኸሽም ኤል ቂርባ አቅራቢያ፣ ቀድሞ ሹክሪያ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት ያሰማሩበት የነበረው ሜዳ ሆነ፤ አዲስ ሃልፋም ተባለ።

በሜዳው ላይ ምን እንደሚዘራ የወሰኑት ገበሬዎቹ አልነበሩም። መሬቱ ተሸንሽኖ ጥጥ፣ ስንዴና ለውዝ እየተፈራረቁ እንዲዘሩ ታዘዘ። ጥጡ የውጭ ምንዛሪ እንዲያመጣ፣ ስንዴው ከባሕር ማዶ የሚገዛውን እህል እንዲተካ ታስቦ ነው። ብዙም ሳይቆይ የሸንኮራ አገዳ እርሻና የስኳር ፋብሪካ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱዳን በዕዳ ስትያዝ ደግሞ አበዳሪዎች ትኩረቱ ወደ ውጭ ወደሚላከው ጥጥ ይመለስ አሉ። ሜዳውን የሚያጠጣውን የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ የሚሞላው ውኃ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ነው፤ ጓንግ፣ አንገረብና ተከዜ ሦስቱም ከግድቡ በላይ ይገናኛሉ። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዝ የነበረው ግድብ ከደጋው ታጥቦ በሚመጣ አፈር እየተሞላ ግማሽ ያህል አቅሙን አጥቷል። በ1959ኙ ድርድር ኢትዮጵያ አልተጠራችም። ሹክሪያዎቹም አልተጠሩም፤ ኑብያውያኑም ቢቃወሙ የሰማቸው አልነበረም።

የዓለም አቀፍ ንግድ ፖለቲካ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጄኔቫ፣ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቤጂንግ ይሄዳል። ውሳኔው እዚያ ይሰጥ ይሆናል፤ የሚያርፈው ግን እንደ ቂርባ፣ እንደ ገዳሪፍ፣ እንደ መተማና እንደ ሑመራ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ይህ የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ደግሞ ስለ ንግድ ፖሊሲ አንድ መራራ እውነት ያሳያል። ሁለቱ አገሮች ከሩቅ ገዢ ጋር ለመደራደር ዓመታት ሲያጠፉ፣ በመካከላቸው ያለውን ንግድ ለፖሊስና ለኬላ ጠባቂ ትተውታል። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆኗል።

የገዳሪፍን ታሪክ ማየት ነገሩን ያብራራል። በዚያ ጥቁር መረሬ መሬት ላይ በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን ዓላማው በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን የእንግሊዝ ጦር በማሽላ መቀለብ ነበር። ጦሩ ሄደ፤ ትራክተሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1968 በዓለም ባንክ ብድር የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ እርሻው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሰፋ። ባቡሩ ከሰላንና ገዳሪፍን ከፖርት ሱዳን ጋር ያገናኘው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ዛሬ ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ናት፤ በከተማዋ የሰብል ገበያ በጨረታ የሚቆረጠው ዋጋም ለብዙው የአገሪቱ ክፍል መነሻ ይሆናል።

ድንበሩን ተሻግሮ ያለው መሬት ያው ጥቁር መረሬ ነው። መተማ፣ ቋራ፣ ምድረ ገነት፣ ሑመራ፤ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኙ ከቆዩ ምርቶች አንዱ ነው። የሑመራ ሰሊጥ ነጭነትና ጣዕም በእስራኤል ጣሂና ሠሪዎች ዘንድ በስም ይታወቃል፤ ትልቁ ገዢ ግን ቻይና ነች። የገዳሪፍም ሰሊጥ የሚሄደው ወደ ቻይናና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ የሚወርደው ወጣት ዋጋው የተሻለበትን እያየ አንድ ዓመት በሑመራ፣ በሌላው ዓመት በገዳሪፍ እርሻ ላይ ያጭዳል። የሰሊጡ ፍሬም፣ የሚያጭደው ክንድም፣ በመጨረሻ የሚገዛው ነጋዴም አንድ ሲሆን ሁለት የሆነው ኬላው ብቻ ነው።

ከሩቅ ገዢዎች ጋር ያለው ግንኙነት በወረቀት ሲታይ ለሁለቱም ያደላ ይመስላል። ኢትዮጵያም ሱዳንም በዓለም ዝቅተኛ ዕድገት ካላቸው አገሮች ተርታ ስለተመደቡ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ምርታቸውን ሁሉ ያለ ቀረጥ ለመቀበል በሩን ከፍቷል። ቻይናም ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከእነዚህ አገሮች ለሚገባ ምርት ሁሉ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። በሩ ተከፍቶ ሳለ ግን ደጃፉ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃል። አውሮፓ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰሊጥ ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ ሥጋት ጥብቅ ፍተሻ በሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። ሁለቱም በአንድ ደንብ፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ናቸው። ባክቴሪያው የሚመጣው ከዐውድማ፣ ከወፍና ከከብት፣ በእርጥበት ከተያዘ መጋዘን ነው። ቀረጥ በፊርማ ይነሣል፤ ፍተሻው ግን የሚነሣው በንጹሕ ዐውድማ፣ በማበጠሪያ ማሽንና በታመነ ላቦራቶሪ ነው። ገዳሪፍና ጎንደር ተነጋግረው አንድ የጋራ ላቦራቶሪ ቢያቋቁሙ ወጪውን ሊካፈሉ በቻሉ ነበር። እስከ ዛሬ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተሻል፣ ለብቻው ይመለስበታል።

የትልልቆቹ አገሮች የንግድ ፖሊሲ በምን እንደሚመራ ለመረዳት የግራር ሙጫን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1997 የፕሬዚዳንት ክሊንተን አስተዳደር በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ሰሊጡም ጥጡም ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ። አንድ ነገር ግን ተረፈ፤ እሱም የግራር ሙጫ ነው። ከኮርዶፋን እስከ ገዳሪፍ ካሉ ግራሮች እየተፋቀ የሚሰበሰበው ይህ ሙጫ ለለስላሳ መጠጥ፣ ለከረሜላና ለመድኃኒት ይገባል፤ በዓለም ገበያ ላይ ካለው አብዛኛውን የምታቀርበው ሱዳን ናት። የአሜሪካ አቀነባባሪዎች ምትክ የለንም ብለው በምክር ቤት አባሎቻቸው በኩል ተከራከሩ፤ ሙጫው ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 በዋሽንግተን የሱዳን አምባሳደር የነበሩት ጆን ኡኬክ በጋዜጠኞች ፊት የኮካ ኮላ ጠርሙስ አንሥተው አሳይተዋል፤ መልእክታቸው ሙጫውን ብናቆም ይህን አታገኙም የሚል ነበር። ማዕቀቡ እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ 20 ዓመት ያህል ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ የሙጫው ፈቂ በር ሲከፈትለት ለሰሊጡ አራሽ ተዘግቶበታል። ልዩነቱ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ አልነበረም፤ አንዱ ተፈላጊ ሲሆን ሌላው ምትክ ስላለው ነው።

የኢትዮጵያም ልምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች ከምትሰጠው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ እንደሚያስወጡ ያስታወቁት በኖቬምበር 2021 ነው፤ ውሳኔው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ጸና። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና መስህብ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በዚያው ኖቬምበር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። በልብስ ስፌት መስመር ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው። ጦርነቱን አላወጁም፣ አላዘዙም፤ ቅጣቱ ግን በደመወዛቸው ላይ ወረደ። በ2025 ደግሞ የትራምፕ አስተዳደር ከአብዛኞቹ አገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጫነ፤ የኢትዮጵያም ቡና አልቀረለትም። በአሜሪካ ገበያ የቡና ዋጋ ሲንርና ሸማቹ ሲያጉረመርም በኖቬምበር ወር ቡና ከአዲሱ ቀረጥ ነፃ ተደረገ። የጅማና የሲዳማ ገበሬ አቤቱታ ስላቀረበ አይደለም። የኒውዮርክ ሸማች ስላማረረ ነው።

ሰሊጥ እንደ ሙጫ ምትክ የሌለው አይደለም፤ ህንድ፣ ምያንማር፣ ታንዛኒያ፣ ኒጀርና ናይጄሪያም ያመርታሉ። ስለዚህ ለሰሊጥ አምራች ማንም ልዩ በር አይከፍትለትም። ያለው አቅም ከጎረቤቱ ጋር መተባበር ብቻ ነው፤ ያልተነካውም እሱ ነው።

ይህ ሊሆን እንደሚችል የምዕራብ አፍሪካ ሁለት ጎረቤቶች አሳይተዋል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱት ጋናና ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ2019 ተነጋግረው በእያንዳንዱ ቶን ላይ 400 ዶላር የገበሬ ኑሮ ማሻሻያ እንዲከፈል ጠየቁ። ገዢዎቹ ተቀበሉ፤ ወዲያው ግን የጥራት ጭማሪውን በመቀነስ ያንኑ ገንዘብ በሌላ በኩል ለማስመለስ ሞከሩ። ውጤቱ ሙሉ ድል አልነበረም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ሲፎካከሩ የኖሩ ሁለት አገሮች አንድ ዋጋ ይዘው ገዢ ፊት መቆማቸው ራሱ ድርድሩን ቀይሮታል። የገዳሪፍና የመተማ ሰሊጥ የካካዎን ያህል ገበያውን አይቆጣጠርም፤ ይህን አሌ ማለት አይቻልም። ግን ቢያንስ የአንዱ ገበሬ የሌላውን ዋጋ ማወቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማና በሑመራ መጋዘን አለው፤ የአዲስ አበባን ዋጋ በሰሌዳ ያሳያል። በዚያው ሰሌዳ ላይ የገዳሪፍን ጨረታ ዋጋ መጨመር፣ በገዳሪፍ ገበያም የአዲስ አበባውን ማስነበብ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ዛሬ ሁለቱንም ዋጋ በስልክ የሚያውቀው ደላላው ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው።

በወረቀት ላይ ያሉት ስምምነቶች ብዙ ናቸው። ሁለቱም አገሮች የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) አባል ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና በ9 አገሮች ሲመሠረት ሱዳን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ኢትዮጵያ ግን ከቀጣናው ውጭ ሆና 10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ስትሰጥ ቆይታለች። ሱዳን የዓለም ንግድ ድርጅትን በር ያንኳኳችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ኢትዮጵያ በ2003። ኢትዮጵያ ከ20 ዓመት በላይ፣ ሱዳን ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ሰነድ ሲያዘጋጁ፣ ጥያቄ ሲመልሱ፣ ቡድን ሲልኩ ኖረዋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2019 አጽድቃለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም በመተማ በኩል ካለችው ሸኸዲ ተነሥቶ ከድንበሩ ማዶ ባለው የሱዳኑ የገላባት ገበያ 5 ኩንታል ሰሊጥ ሊሸጥ የሚፈልግ ገበሬ ሕጋዊ መንገዱ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ በየጊዜው ይለያያል። የጠረፍ ንግድ የሚባለው ደንብ ዕቃውን፣ መጠኑንና ድግግሞሹን ይወስናል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው።

ኮንትሮባንድ የሚባለውንም ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያና የሰው ዝውውር ወንጀል ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ስኳርና ነዳጅ ድንበር እየሾለኩ የሚሻገሩት ግን ብዙ ጊዜ የመንግሥታቱ የራሳቸው የምንዛሪ ፖሊሲ ስለሚገፋቸው ነው። ብር በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ሰፊ ልዩነት በነበረው ዘመን ብዙ የኢትዮጵያ ላኪዎች ሰሊጥን በአገር ቤት በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ኪሳራቸውን የሚያካክሱት ባገኙት ዶላር ዕቃ አስገብተው ነው። ገበሬው ለጊዜው ተጠቅሟል፤ ሰሊጥን በእውነተኛ ዋጋ መላክ የሚፈልገው ነጋዴ ግን ከገበያ ወጥቷል። በሱዳን በኩልም ፓውንዱ ተመሳሳይ ጣጣ ነበረበት። ካርቱም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአንድ ቀን ኦፊሴላዊውን ተመን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ለአንድ ዶላር አወረደች። አዲስ አበባም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን ለገበያ ለቀቀች፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱም ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ተመካክረው ያደረጉት ነው። የአንዱ ውሳኔ በሌላው ጠረፍ ገበያ ላይ ምን እንደሚያደርስ እርስ በርሳቸው ለመምከራቸው ግን በመተማና በገላባት የታየ ምልክት የለም። እዚያ ያለው ነጋዴ ለውጡን ያወቀው ዕቃው አላዋጣ ሲለው ነው።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች ተዘግቶ የነበረውን የወጪ ንግድ ከፍቶ ቡናን፣ ጥራጥሬንና የቅባት እህልን እንዲልኩ ፈቅዷል። ካፒታል ያለው የሩቅ ኩባንያ በሑመራ ሰሊጥ እንዲገዛ በሕግ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከመተማ በእግር የሚደረሰው የገላባት ነጋዴ ግን ያው ኬላ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ገበያ ከዛሬዎቹ በተሻለ ጠብቀውታል ቢባል ማጋነን አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ገላባትን ይገዙ የነበሩት ተክሩር የሚባለው ሕዝብ ሼኮች በአንድ በኩል ለግብፅ ሹማምንት፣ በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ መኳንንት ግብር እየከፈሉ ገበያውን ክፍት አድርገው አቆይተዋል። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ በቅሎው፣ ቆዳው በዚያ ይለዋወጥ ነበር። በዚያ ገበያ ሰው ጭምር ይሸጥበት እንደነበር አይዘነጋም፤ ያ ንግድ በመጥፋቱ ማንም አያዝንም። ገበያውን ያፈረሰው ጦርነት ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ያ አገር ምድረ በዳ ሆነ፤ በዚያው ሰሞን የመጣው ክፉ ቀን ደግሞ የቀረውን ጠረገው።

ከዚያ ቅኝ ገዢዎቹ መጡ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የፈረሙት የድንበር ውል ዛሬ የሚታወሰው ሁለቱ አገሮች የሚከራከሩበትን የድንበር መሬት፣ አል ፋሽቃን፣ በሚመለከተው መስመርና ስለ ዓባይ በሚናገረው አንቀጹ ነው። ያው ውል ግን ስለ ንግድም ይናገራል። በአራተኛው አንቀጽ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተሰጠ። ጋምቤላ በዚህ መንገድ የንግድ ከተማ ሆነች፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በጀልባ ወደ ካርቱም ወረደ። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እንግሊዞች ያንን አንቀጽ ያስገቡት ለራሳቸው ጥቅም እንደነበር ግልጽ ነው። ሆኖም ድንበር ሲሰመር ንግዱ አብሮ መጻፍ እንዳለበት ያውቁ ነበር። ከ1956 ወዲህ ያሉት መንግሥታት መስመሩን ወረሱ፣ ስለ መስመሩም ተጣሉ፤ የንግዱን አንቀጽ በራሳቸው ፈቃድና ጥቅም እንደገና ለመጻፍ ግን አልበረቱም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር በአል ፋሽቃ ወደፊት ሲገፋ ሰሊጥና ማሽላ አዝመራ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አራሾች እህላቸውን ትተው ወጡ። ሱዳን መሬቱ በ1902ቱ ውል የእኔ ነው ትላለች፤ ኢትዮጵያ ጉዳዩ በድርድር መያዝ ነበረበት ትላለች። በጁን 2022 ሱዳን ወታደሮቼ ተገደሉ ብላ የገላባትን መሻገሪያ ዘጋች፤ በሚቀጥለው ወር ከፈተችው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ያው መሻገሪያ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሽሽተኞች የሕይወት በር ሆነ፤ ሱዳናውያን፣ ተመላሽ ኢትዮጵያውያንና የሌላ አገር ዜጎች በመተማ ገቡ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ከትግራይ የሸሹት ወደ ሐምዳይትና ወደ ኡም ራኩባ ተሻግረው ነበር። በሴፕቴምበር 2024 በመተማ በኩል በተካሄደ ውጊያ ሳቢያ በሩ እንደገና ተዘጋ። በእያንዳንዱ መዘጋት መንገድ ላይ የተያዘ የጭነት መኪና አለ፤ ደመወዙን ሳይቀበል በገዳሪፍ እርሻ የቀረ የጎጃም ልጅ አለ፤ ዘመድ ለመጠየቅ ተሻግራ መመለሻ ያጣች እናት አለች።

ለዚህ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በጦርነት ውስጥ ካለ አገር ጋር ምን ዓይነት የንግድ ስምምነት ይደረጋል? በአማራ ክልልስ መንገዱ በሰላም ሳይታለፍ የቀረጥ ቅናሽ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው እውነት አለው። ዕቃ በሚያልፍበት መንገድ ጥይትም ያልፋል፤ ኬላ የሚጠብቅ መንግሥት የመፍራት መብት አለው። ግን አንድ ማስረጃ ተቃራኒውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሸኸዲና በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ ቆይቷል። በአል ፋሽቃ ጦር ተፋጦ በነበረበት ጊዜ፣ በሕዳሴው ግድብ ላይ ቃላት ሲወራወሩ እንኳ ሽያጩ ቀጠለ። ሱዳን በክፍያ ብትዘገይም በዚያን ጊዜ ገመዱ አልተቆረጠም። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም። ውል አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ የሚያጣ ወገን አለ፣ በስም የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አለ። የሰሊጥ ኩንታል ይህ ሁሉ የለውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው።

መደረግ ያለበት ትልቅ ነገር አይደለም። መሻገሪያ የመዝጋት ሥልጣን የመንግሥታቱ ነው፤ ሲዘጋ ግን መንገድ ላይ ያለ ጭነት የሚያልፍበት የተወሰነ ቀን እንዲሰጥ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽ መስማማት ይቻላል። ለአጨዳ የሚሻገረው ሠራተኛ በደላላ እጅ፣ በሌሊት፣ ወረቀት ሳይኖረው ከሚሄድ በወረዳው የሚሰጥ፣ በገዳሪፍም የሚታወቅ የወቅት ፈቃድ ቢይዝ ደመወዙ ሲከለከል አቤት የሚልበት ያገኛል። ሁለቱ ንግድ ባንኮች በብርና በሱዳን ፓውንድ የሚወራረድ አነስተኛ የጠረፍ ሒሳብ ቢከፍቱ ገበሬው ሰሊጡን ሸጦ ዶላር ፍለጋ ጥቁር ገበያ አይገባም፤ ሁለቱም ገንዘቦች የሚዋዥቁ ስለሆኑ ይህ ቀላል አይሆንም፤ በትንሽ ጣሪያ ግን መጀመር ይቻላል። ስለ ላቦራቶሪውና ስለ ዋጋ ሰሌዳው ከላይ ተነሥቷል። ከእነዚህ አንዱም የዓለም ንግድ ድርጅትን ፈቃድ አይጠይቅም። የአል ፋሽቃ መስመር እስኪሠመርም መጠበቅ የለበትም።

አዲስ ሃልፋ ውስጥ ዛሬም የዋዲ ሃልፋ ልጆች ልጆች ያርሳሉ። ስለ ውኃቸውም ስለ ጥጣቸውም ሳይጠየቁ የተወሰነላቸው አያቶቻቸው ናቸው። የመተማና የገዳሪፍ ሰሊጥ አራሽ ያው ዕጣ እንዲደርሰው መተው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የሩቅ አገር ሳይሆን የሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት ነው።

ሰሊጥ አይታገሥም። ከበሰለ በኋላ ቆባው ሳይደርቅ ካልታጨደ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። አጨዳው መስከረም መጨረሻ ላይ ይጀምራል፤ ሠራተኛው ወደ ቆላ የሚወርደው ከዚያ ቀደም ብሎ ለአረሙ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የጉምሩክ ኮሚሽንና የአማራ ክልል ንግድ ቢሮ ከሱዳን አቻዎቻቸው ጋር ስለ ገላባት መሻገሪያ ብቻ፣ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው አቆይተው፣ ከመጪው ክረምት በፊት ይቀመጡ። በዚያ ስብሰባ የመተማ ነጋዴዎችና የገዳሪፍ አራሾች ተወካዮች ከሹማምንቱ ጎን ወንበር ይሰጣቸው።